ከለንደን ሮም ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በእጅ አስልቶ የማወቂያ መመሪያ

«በረራው ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ «በስንት ሰዓት ይነሳል?» ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ። «ርቀቱስ?» ሲባል ደግሞ የአየሩን የሚናገር አለ፣ የመኪናውን የሚናገር አለ። ሮም ኤርፖርት ሰው ሊቀበል የሄደ ዘመድ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚጠብቀው፣ መንገደኛውም የመሸጋገሪያ በረራ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ መደበላለቅ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር አንድ ቁጥር አውጥቶ አይቆምም። የትኛው ቁጥር ለምን እንደሚያገለግል እየለየ ይሄዳል።

ምሳሌያችን ለንደንና ሮም ናቸው። ሁለቱም ከአንድ በላይ ኤርፖርት አላቸው፣ ሰዓታቸው ይለያያል፣ በመካከላቸውም የአልፕስ ተራራ አለ። በእነዚህ ላይ የሠራ ሰው በሌሎቹ የአውሮፓ ከተሞች አይቸገርም። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ካርታ ያለው ስልክና ኮሳይን የሚያወጣ ካልኩሌተር ነው። አይፎን ላይ ካልኩሌተሩን ከፍተው ስልኩን አግድም ሲያዞሩት ኮሳይን ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ከተማውን ትተው ኤርፖርቱን ይያዙ

አውሮፕላን ከከተማ መሃል አይነሳም። ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት ሦስት ፊደላት ይመልከቱ። ኤል ኤች አር ሂትሮው ነው፣ ኤል ጂ ደብሊው ጋትዊክ፣ ኤስ ቲ ኤን ስታንስቴድ። በሮም በኩል ኤፍ ሲ ኦ ፊዩሚቺኖ፣ ሲ አይ ኤ ደግሞ ቻምፒኖ ነው።

ለበረራው ርቀት ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ ከሂትሮው ፊዩሚቺኖ 1,443 ኪሎ ሜትር፣ ከስታንስቴድ ቻምፒኖ ወደ 1,460። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላን ከደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ የሚሰማው መሬት ላይ ነው። ሂትሮው ከለንደን መሃል በስተምዕራብ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ስታንስቴድ በሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር እንኳ ወደ 50 ደቂቃ ይወስዳል። ርካሽ ቲኬት ሲያገኙ ዋጋውን ከማየትዎ በፊት ሦስቱን ፊደላት ይዩ።

ደረጃ 2፦ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ያውጡ

ጉግል ማፕ ላይ የኤርፖርቱን መሃል በጣትዎ ተጭነው ሲቆዩ ምልክት ይተከላል፣ የቦታው ቁጥሮችም ይወጣሉ። በኮምፒውተር ከሆነ የመዳፊቱን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይታያሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። ለእኛ ምሳሌ፦

ሂትሮው፦ 51.470 ሰሜን፣ 0.454 ምዕራብ
ፊዩሚቺኖ፦ 41.800 ሰሜን፣ 12.239 ምሥራቅ

ሁለት ስህተት እዚህ ይፈጠራል፣ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው የምዕራብና የምሥራቅ ምልክት ነው። ሂትሮው ዜሮ ኬንትሮስ ከሆነው ከግሪንዊች መስመር በስተምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሱ ኔጌቲቭ ነው፦ −0.454። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 12.239 ሲደመር 0.454 ነው እንጂ ሲቀነስ አይደለም። ምልክቱን የረሳ ሰው 46 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎድልበታል፤ መልሱ ግን ትክክል ስለሚመስል አይነቃበትም። ሊዝበን፣ ማድሪድ፣ ደብሊን፣ ኤዲንብራም ከመስመሩ በስተምዕራብ ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ደቂቃን ከአሥርዮሽ ማምታታት ነው። አንዳንድ ካርታ ሂትሮውን «51 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ» ብሎ ይጽፋል። ይህ 51.28 አይደለም። 28ቱን ለ60 ያካፍሉ፣ 0.467 ይመጣል፣ ስለዚህ 51.467 ነው። በዚህ ብቻ 21 ኪሎ ሜትር ያህል መሳሳት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ በአየር ያለውን ርቀት ያስሉ

የምድር ዙሪያ በግምት 40,030 ኪሎ ሜትር ነው። ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይህ ቁጥር የትም ቦታ ይሠራል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ግን አይሠራም፤ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው በቀረቡ ቁጥር እየተጠጋጉ ይሄዳሉና። አዲስ አበባ ላይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስቶክሆልም ላይ ያው አንድ ዲግሪ 57 ብቻ ይሆናል። ኮሳይን የሚያስፈልገን ይህን መጥበብ ለማስተካከል ነው።

አሁን ስሌቱን በወረቀት ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩት።

የኬክሮሶቹ ልዩነት፦ 51.470 − 41.800 = 9.670። በ111.2 ሲባዛ 1,075 ኪሎ ሜትር። ይህ ወደ ደቡብ የሚሄደው ክፍል ነው።

የኬክሮሶቹ አማካይ፦ ሁለቱን ደምረው ለ2 ያካፍሉ፣ 46.64 ይመጣል። ኮሳይኑ 0.687 ነው።

የኬንትሮሶቹ ልዩነት፦ 12.239 + 0.454 = 12.693። በ111.2፣ ከዚያም በ0.687 ሲባዛ ወደ 969 ኪሎ ሜትር። ይህ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነው።

ሁለቱ እንደ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሁለት ጎኖች ናቸው፤ የምንፈልገው ሰያፉን ጎን ነው። 1,075ን በራሱ፣ 969ንም በራሱ አባዝተው ይደምሩ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት ያውጡ። ወደ 1,448 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ።

ምድርን እንደ ሉል ቆጥሮ በሙሉው ቀመር የሚገኘው መልስ 1,443 ነው። በአምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የተለያዩት፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ገደብ አለው። ከተሞቹ በጣም ሲራራቁ፣ በተለይም በምሥራቅና በምዕራብ ሲለያዩ፣ ስህተቱ ያድጋል። ከሊዝበን ሄልሲንኪ በዚህ ዘዴ 3,434 ይወጣል፤ ትክክለኛው ወደ 3,365 ነው። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ካርታው ላይ ያለውን የርቀት መለኪያ ይጠቀሙ፦ በኮምፒውተር የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ርቀት ለካ» የሚለውን መርጠው ሁለተኛውን ኤርፖርት ይንኩ።

ካልኩሌተሩ ያልተጠበቀ ነገር ካወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማዕዘን መለኪያው ነው። የ46.64 ኮሳይን −0.885 ካለዎት ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ዲግሪ ይመልሱት። ኮሳይን ጨርሶ የሌለው ካልኩሌተር ከያዙ እነዚህን ይጠቀሙ፦ ለ40 ዲግሪ 0.766፣ ለ45 ዲግሪ 0.707፣ ለ50 ዲግሪ 0.643፣ ለ55 ዲግሪ 0.574፣ ለ60 ዲግሪ 0.5። በመካከል ያለውን በግምት ያስተካክሉ።

ማይል ሲያጋጥምዎ የትኛው ማይል እንደሆነ ይጠይቁ። የመንገድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብራሪዎች የሚቆጥሩበት የባሕር ማይል 1.852። ከሂትሮው ፊዩሚቺኖ 897 የመንገድ ማይል ወይም 779 የባሕር ማይል ነው። የበረራ መረጃ ላይ 779 አይቶ በመንገድ ማይል የቀየረ ሰው 1,253 ኪሎ ሜትር ብሎ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይጥላል።

ደረጃ 4፦ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚበረውን ይጨምሩ

1,443 ክር ወጥሮ የተለካ ያህል ነው። አውሮፕላኑ ክሩ ላይ አይሄድም። ሂትሮው ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፣ አውሮፕላኖች የሚነሱት ወደ ምዕራብ ዞረው ነው። ማለትም ወደ ሮም የሚሄደው መንገደኛ መጀመሪያ ጀርባውን ለሮም ሰጥቶ ይነሳና ነው ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚታጠፈው። ከዚያ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በሰጡት መስመር ይጓዛል፣ የተከለከሉ ወታደራዊ ቀጠናዎችን ይዞራል፣ ሮም ሲደርስም ለማረፍ ተራ ይይዛል።

ለአውሮፓ ውስጥ በረራ በመቶ አምስት መጨመር ጥሩ የእጅ ግምት ነው። 1,443 × 1.05 = 1,515 ኪሎ ሜትር። ከዚህ በኋላ ለጊዜ ስሌት የምንጠቀመው ይህንን ነው፤ በአየር ያለውን ርቀት ለሚጠይቅ ግን 1,443 ይንገሩት።

በመስኮት ለሚያይ ሰው አንድ ምልክት እንስጥ። የመስመሩ ትክክለኛ እኩሌታ የሚወድቀው ምዕራብ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ከኑሻቴል ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ አጠገብ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ረጅሙን ሐይቅ ከዚያም በረዷማውን አልፕስ ሲያዩ፣ ግማሹ አልቋል።

ደረጃ 5፦ አየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ያውጡ

በዚህ መስመር ላይ የተለመዱት ኤርባስ ኤ320ና ቦይንግ 737 ናቸው። ኤ320 በ35,000 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም 10,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በማክ 0.78፣ ማለትም በድምፅ ፍጥነት 78 በመቶ፣ ሲጓዝ ፍጥነቱ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፕሮፔለር የሚሄደው ኤቲአር 72 ግን 510 ገደማ ብቻ ስለሚሄድ፣ ለአጭር መስመር የተቆረጠ ቲኬት ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነት ማየት ይጠቅማል።

1,515ን ለ830 ያካፍሉ፣ 1.825 ይመጣል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ ይህ 1 ሰዓት ከ82 ደቂቃ አይደለም፣ 1 ሰዓት ከ18ም አይደለም። 0.825ን በ60 ያባዙ፤ 49.5 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት ከ50።

አውሮፕላኑ ግን ከመሬት ተነስቶ ወዲያው 830 አይደርስም። ከ10,000 ጫማ በታች በአጠቃላይ ከ250 ኖት፣ ማለትም ከ463 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይሄድም። ለመውጣትና ለመውረድ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አየር ላይ ይቆያል።

መውረድ የሚጀምርበትንም ማስላት ይቻላል። ከፍታውን በሺህ ጫማ ወስደው በ3 ሲያባዙ በባሕር ማይል ይሰጥዎታል፦ 35 × 3 = 105፣ ወይም 194 ኪሎ ሜትር። ወደ ሮም በሚሄደው መስመር ይህ ቶስካና ላይ ነው። የሞተሩ ድምፅ ቀነስ ሲል፣ ጆሮዎ ደፈን ደፈን ሲል፣ ማረፊያው ግማሽ ሰዓት አይሞላውም። ሕፃን የያዘች እናት ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ያለባት ያን ጊዜ ነው፤ መዋጥ የሕፃኑን ጆሮ ይከፍታል።

ደረጃ 6፦ ነፋሱን ያስገቡ

መሄጃና መመለሻ ለምን እኩል እንደማይሆኑ የሚያስረዳው ይህ ነው። በአውሮፓ ሰማይ ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጄት ስትሪም የሚባለው በአውሮፓ ክረምት ይበረታል። ከለንደን ወደ ሮም የሚሄደው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ከኋላ ይገፋዋል።

በሰዓት የ110 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከምዕራብ ቢነፍስ፣ በዚህ አቅጣጫ የሚረዳው 73 ኪሎ ሜትር ያህሉ ነው። ሲሄድ ፍጥነቱ 903 ይሆናል፣ 1,515 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ41 ይጨርሳል። ሲመለስ 757 ይሆናል፣ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። ነፋስ ከሌለበት 1 ሰዓት ከ50 ጋር ሲነጻጸር ሲሄድ ያተረፈው 9 ደቂቃ፣ ሲመለስ የከሰረው 10 ደቂቃ ነው። ነፋስ የሚሰጠው ምንጊዜም ከሚወስደው ያንሳል፤ ሲቃወም አውሮፕላኑ በነፋሱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያልና። በሁለቱ አቅጣጫ ያለው የ20 ደቂቃ ልዩነት በአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ላይም ይታያል።

ደረጃ 7፦ የመሬቱን መንከባለል ይደምሩ

ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተንቀሳቀሰበት እስከ መውረጃው በር ድረስ ነው። ሂትሮው ላይ እስከ ማኮብኮቢያው ተንከባሎ ወረፋ ጠብቆ እስኪነሳ 20 ደቂቃ፣ ሮም ላይ ካረፈ በኋላ እስኪቆም 8 ደቂቃ ይያዙ። 2 ሰዓት ከ5 ሲደመር 28 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ከ33። አየር መንገዶች ለዚህ መስመር የሚሰጡት ጊዜም በዚህ አካባቢ ነው፣ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 2 ሰዓት ከ35።

ለመመለሻው 2 ሰዓት ከ45 ይያዙ። ከፊት የሚነፍሰው ነፋስ አለ፣ በዚያ ላይ ሂትሮው ሲደርስ የሚያስጠብቅ አለ። በኤርፖርቱ ዙሪያ አውሮፕላኖች ተራ የሚጠብቁባቸው አራት ቦታዎች አሉ፦ ቦቪንግደን፣ ላምቦርን፣ ኦካምና ቢጊን ሂል። ከሮም የሚመጣው በቅርበት የሚያገኘው ቢጊን ሂልን ነው። አንድ ዙር 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የክንፉ ጫፍ አንዱን መንደር ደጋግሞ ካሳየዎት እየዞሩ ነው ማለት ነው፤ የተለመደ ነገር ነው፣ አያስደነግጥም።

አየር መንገዶች መዘግየትን አስበው በሰሌዳው ላይ ትርፍ ደቂቃ ይጨምራሉ። «ከሰዓታችን ቀድመን ደረስን» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ቀድሞ ማረፍ ግን ቀድሞ መውረድ አይደለም፤ የሚቆምበት ቦታ ካልተለቀቀ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ደረጃ 8፦ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ያንብቡ

መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል። ሮም ከለንደን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ለምሳሌ ከለንደን 10:00 ተነስቶ ሮም 13:35 የሚደርስ በረራ 3 ሰዓት ከ35 ይመስላል፣ እውነቱ 2 ሰዓት ከ35 ነው። ከሮም 14:00 ተነስቶ ለንደን 15:45 የሚደርሰው ደግሞ 1 ሰዓት ከ45 ይመስላል፣ የሚፈጀው ግን 2 ሰዓት ከ45 ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ከልዩነቱ አንድ ይቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ሲመለሱ አንድ ይጨምሩ። ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰዓታቸውን የሚለውጡት በመጋቢትና በጥቅምት፣ በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር፣ የመጨረሻ እሑድ በአንድ ቅጽበት ስለሆነ ይህ የአንድ ሰዓት ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ልዩነት ግን ይለወጣል፤ እኛ ሰዓት አንለውጥምና። በበጋቸው አዲስ አበባ ሮምን በ1 ሰዓት፣ ለንደንን በ2 ትቀድማለች። በክረምታቸው በ2ና በ3። ለቤተሰብ ሲደውሉ ሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ ልዩነቱን ይደምሩ፣ ከዚያ ወደ ሀበሻ ሰዓት ለመመለስ 6 ይቀንሱ። በጁላይ ሮም 13:35 የሚደርስ ሰው አገር ቤት ላለችው እናቱ «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35 ላይ እደርሳለሁ» ይላታል። ሮም ለሚቀበለው ዘመድ ግን «13:35፣ በፈረንጅ ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይሻላል። በሀበሻ ሰዓት «7:35» ብሎ የላከ ሰው፣ ተቀባዩ የጠዋት 7:35 መስሎት ስድስት ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት ሊቆም ይችላል።

ደረጃ 9፦ ከቤት እስከ ቤት

ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የሚያስፈልገው ቁጥር በመጨረሻ ይህ ነው። ከለንደን መሃል ሂትሮው በምድር ውስጥ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል፤ ከፓዲንግተን በሚነሳው ሂትሮው ኤክስፕረስ ግን 15 ደቂቃ፣ በውድ ዋጋ። ኤርፖርት 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ። በረራ 2 ሰዓት ከ35። ሮም ላይ የፓስፖርት ወረፋና ሻንጣ 45 ደቂቃ፤ ብሪታንያ ከሼንገን ውጭ ስለሆነች ቁጥጥሩ አይቀርም፣ ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የሼንገን አገሮች የጣት አሻራና ፎቶ መመዝገብ ስለጀመሩ መጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ከዚህም በላይ ሊቆይ ይችላል። ከፊዩሚቺኖ ቴርሚኒ ጣቢያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ነው፣ ከመጠበቂያው ጋር 45 ይያዙ። ድምሩ 7 ሰዓት ከ5 ደቂቃ።

ከዚህ ጋር መነጻጸር ያለበት መኪናው ነው። በመንገድ ከ1,850 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፣ በአየር ካለው በሦስት አሥረኛ ገደማ የበለጠ። ባሕሩን በፎክስቶንና በካሌ መካከል በዋሻው ባቡር በ35 ደቂቃ ያልፋሉ፣ የቀረው ፈረንሳይን አቋርጦ አልፕስን ማለፍ ነው። ሳያርፉ 18 ሰዓት ግድም ስለሚሆን የሁለት ቀን መንገድ አድርገው ያስቡት። በባቡር ከለንደን ፓሪስ 2 ሰዓት ከ20 ያህል፣ ከፓሪስ ሚላኖ 7 ሰዓት ግድም፣ ከሚላኖ ሮም 3 ሰዓት ግድም ነው። ፓሪስ ላይ ጣቢያ መቀየር አለ፤ የለንደኑ ባቡር ጋር ዱ ኖር ገብቶ የሚላኖው ከጋር ደ ሊዮን ይነሳልና ለዚህ ብቻ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይተዉ።

ስሌቱን በፍራንክፈርት–ሮም ይፈትሹት

ፍራንክፈርት፦ 50.033 ሰሜን፣ 8.570 ምሥራቅ። ሁለቱም ምሥራቅ ስለሆኑ እዚህ ኬንትሮሱ ይቀነሳል፦ 12.239 − 8.570 = 3.669። አማካይ ኬክሮሱ 45.92፣ ኮሳይኑ 0.696። ወደ ደቡብ 915፣ ወደ ምሥራቅ 284፣ ሰያፉ 958 ኪሎ ሜትር። አምስት በመቶ ሲጨመር 1,006፤ ለ830 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ13፤ 15 ደቂቃ ለመውጣትና ለመውረድ፣ 20 ደቂቃ ለመሬቱ። 1 ሰዓት ከ48 ያገኛሉ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ሰዓት ስለሚጠቀሙ ቲኬቱ ላይ ያለው ልዩነት እንዳለ የበረራው ጊዜ ነው፣ ሁለቱም ሼንገን ውስጥ ስለሆኑም የፓስፖርት ወረፋ በመደበኛው የለም።

ርቀቱ ገንዘብ የሚሆንበት ቦታ

በረራ ሲዘገይ የሚከፈለው ካሳ የሚወሰነው በኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ይህን ስሌት በትክክል ማወቅ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት መድረሻው ላይ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ የዘገየ፣ ምክንያቱም ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ያልሆነ በረራ፣ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ 250 ዩሮ ያስከፍላል፣ ከ1,500 ሲያልፍ ደግሞ በኅብረቱ አገሮች መካከል 400 ዩሮ። ከብሪታንያ ለሚነሳው የብሪታንያ ሕግ ለእነዚሁ ርቀቶች 220ና 350 ፓውንድ ይሰጣል። የሚለካው የሚበረረው መንገድ ሳይሆን ደረጃ 3 ላይ ያወጣነው፣ በአየር ያለው አጭሩ መስመር ነው። ለንደን–ሮም 1,443 ስለሆነ በዝቅተኛው መደብ ይገባል። 1,515ን ይዞ 400 የሚጠይቅ ሰው ይመለሳል። ከስቶክሆልም ሮም ግን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ 400 ነው፤ 250 ብቻ ከቀረበልዎ አይቀበሉ።

በአንድ ቲኬት የተቆረጠ መሸጋገሪያ ያለው ጉዞ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ከሮም በፍራንክፈርት በኩል ለንደን የሚሄድ ሰው 958ንና 655ን ደምሮ 1,613 ኪሎ ሜትር ነው ሊል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 የወሰነው ግን የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ ያለው ቀጥታ መስመር እንደሆነ ነው፦ 1,443፣ ስለዚህ 250 ዩሮ።

የመድረሻ ሰዓትን በተመለከተ ይኸው ፍርድ ቤት በ2014 እንደወሰነው፣ አውሮፕላን ደረሰ የሚባለው ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን ቢያንስ አንዱ በር ተከፍቶ መንገደኛ መውረድ ሲፈቀድለት ነው። 2 ሰዓት ከ55 ዘግይቶ ያረፈ አውሮፕላን በሩን እስኪከፍት 8 ደቂቃ ከወሰደ 3 ሰዓቱን አልፏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምዎ በሩ ሲከፈት የስልክዎን ሰዓት በፎቶ ያንሱ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱንም አይጣሉ።